ግንበኛውም ይታወስ

ስለ ፋሲል ግቢ ዕድሳት ያወጣችሁት ጽሑፍ ነገሥታቱን በየስማቸው ሲጠራ፣ ድንጋዩን ያነሣው እጅ ግን አልተጠቀሰም። ይህን የምጽፈው በቅርቡ የቀበርናቸውን የሰፈራችንን ግንበኛ እያሰብሁ ነው።

እኒህ ሰው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በመዶሻና በቱንቢ ነው። ማታ ደክመው ሲገቡ እንኳ የትንሿን ልጃቸውን ደብተር ሳያዩ ለእራት አይቀርቡም ነበር። የጎረቤት አጥር ሲፈርስ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ሒሳብ ሲነሣ «ይደርሳል» ብለው ወሬ ያስለውጣሉ። (እኔም ያልከፈልሁት አለብኝ።) በአሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ አያስነኩም ነበር። ልክ ነበሩ፤ ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይዞ ድንጋዩን ያፈረፍረዋል። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠግነው ነበር፤ ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራው ተመልሰዋል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ሳይጻፍ የሚቀረው ባለሙያውን ዝቅ አድርገን ስለምናይ ይመስለኛል። በጎንደር ግንባታ የተሳተፉትን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች «ቡዳ» ብሎ ያገለለ አገር፣ ዛሬም ግንበኛ ሲሞት ስሙን ከዕድር መዝገብ አያሳልፈውም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ላረፉ ባለሙያዎች ይስጥ። ጽሑፉን ዕድሮች ያዘጋጁ፤ ኖራውን እንዴት ያቦኩ እንደነበር፣ ከማን እንደተማሩና ለማን እንዳስተማሩ ይስፈርበት። ቤተሰባቸው ከፈቀደ በእኒህ ሰው ታሪክ እኔ እጀምራለሁ።

አንድ አንባቢ
ከጎንደር