በስልኬ ውስጥ ያለው የእኔ ብቻ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአራት ኪሎ አካባቢ ባለ የሠፈር ዕድር በጸሐፊነት ሳገለግል አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በገዛ ቤቴ የደረሰውንና እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣውን ነገር ለአንባቢዎቻችሁ ለመንገር፣ ከዚያም ጋር አያይዤ ብዙ ሰው እንደ ጥርጣሬ ምልክት ስለሚቆጥረው ጉዳይ፣ ማለትም ቴሌግራምንና ዋትስአፕን በይለፍ ቁጥር ስለ መቆለፍ፣ የማምንበትን ለመናገር ነው። ጉዳዩ የሚመለከታት እኅታችን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ። እኅታችን ወርኃዊ መዋጮዋን ልትከፍል መጣች፤ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስለነበር አረፍ አለች። ቶናው እየተቀዳ ሳለ «ጋሼ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶብኛል፤ ልጄ እንዳይሠጋ አንዴ ልደውልለት» አለችኝ። ፓተርኑን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋት። በሠፈራችን ይህ ለእንግዳ ውኃ እንደ ማቅረብ ነው፤ ማንም አያስብበትም። ደውላ ጨረሰችና ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ልትመልስልኝ እጇን ስትዘረጋ ከስክሪኑ አናት ላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ አለ። የላከው የዕድራችን ዳኛ ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፤ የእሷ ስም፣ በውጭ አገር የሚኖረው የታላቅ ወንድሟ ስም፣ «ዐርፏል» የሚል ቃል፣ ቤተሰቡም መርዶው በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲነገራት መወሰኑ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። በሌላው እጇ የያዘችው ስኒ ተጋድሞ ቡናው በነጠላዋ ላይ ሲፈስ አላወቀችም። ደጋግማ ያነበበችው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልእክቱ ከስክሪኑ ላይ ከጠፋ በኋላ እንኳ ዓይኗን ከዚያ ቦታ አላነሣችም።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሆኖም ያ ቤተሰብ ምን ያህል ተጨንቆ እንደነበረ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የጠፋው ነገር ያ ጭንቀት ነው። አክስቷ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሥተው ሊመጡ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ቃሉ ከእሳቸው አፍ እንዲወጣ ተወስኗል። የደም ግፊት ስላለባት መድኃኒቷን የምትይዝ አንዲት ዘመድ ተመድባለች። ልጇ ከሥራ እንዲቀር ተነግሮታል። ደግፎ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ፣ ከመሬት የሚያነሣት ሰው ሁሉ ታስቦለት ነበር። ይህ ሁሉ ቀርቶ የወንድሟን ሞት ያወቀችው በሰው ቤት፣ በሰው ስልክ፣ ዘመድ በሌለበት ነው። የያዝናት እኔና ባለቤቴ ነን፤ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አላወቅንም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳኛው የጻፈው ለሚመለከተው የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ እሷም የለመነችው የስልክ ጥሪ እንጂ የእኔን ደብዳቤ አይደለም። ስልኬ ፓተርን ነበረው፤ «በተቆለፈ ስክሪን ላይ መልእክት እንዳይታይ» የሚለውንም ከዓመታት በፊት አስተካክዬዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ስልኩን ራሴ ከፍቼ ለሰው ካቀበልሁ በኋላ በሩም ሳሎኑም ሣጥኑም አንድ ላይ ተከፍተዋል። የውስጡ ሣጥን የራሱ ቁልፍ ሊኖረው ይገባ እንደነበር ያን ምሽት ብቻ ገባኝ።

የአንድ ዕድር ጸሐፊ ስልክ ምን እንደሚይዝ ልንገራችሁ። ሕመሙን ከልጆቹ የደበቀ አባት፣ ቀኑ ሲደርስ ሥርዓቱ እንዴት እንዲሆንለት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ነግሮኛል። ከሥራ የተሰናበተ ጎልማሳ መዋጮው ለሦስት ወር እንዲታገስለት ለምኖኛል፤ ለሚስቱ ገና አልነገራትም። ከባሏ ጋር የተለያየች ሴት በቤተሰብ መዝገብ ላይ የእሱ ስም እንዲነሣ እንዴት እንደምታመለክት ጠይቃኛለች። የመታወቂያ ፎቶ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የቴሌብር ደረሰኝ ስፍር ቁጥር የለውም። እነዚህ ሰዎች የነገሩት ለእኔ ነው እንጂ ስልኬን ለሚይዝ ሁሉ አይደለም። እኔም የእነሱን ቃል ለማንም ለማሳየት ፈቃድ የለኝም። መምህርም፣ ነርስም፣ የንስሐ አባትም፣ የጓደኛዋን ብሶት የምትሰማ ወጣትም ብትሆን ጉዳዩ አንድ ነው፤ ከሚነበበው ነገር ቢያንስ ግማሹ የተጻፈው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ «ምን የሚደብቀው ቢኖር ነው የሚቆልፈው?» የሚለውን አነጋገር አጥብቄ እቃወማለሁ። በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲው፣ አንዳንዴም በሽምግልና ላይ ሳይቀር ሲነገር እሰማለሁ። የዕድራችን ካዝና ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በእኔ እጅ ነው፤ ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ዕድርተኛ «ምን ሰርቃችሁ ነው የቆለፋችሁት?» ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ሦስተኛው ቁልፍ ቢጠፋ ተቆጥቶ ስብሰባ የሚጠራው እሱ ነው። በወጣትነቴም ደብዳቤ የሚደርሰኝ በቸርችል ጎዳና በሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት በነበረኝ የፖስታ ሣጥን ነበር። የሣጥኑን ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ይዤ እዞር ነበር፤ ያንን ቁልፍ ያየ ሰው በእኔ ላይ ነውር አላሰበብኝም። ዘመኑ የደብዳቤውን ሣጥን ከቸርችል አንሥቶ በኪሳችን አስገባው፤ ቁልፉን ግን ይዘን አልመጣንም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ይህን ያስተማረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዕድርተኞች በእጄ አስተካክዬላቸዋለሁ። በቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን፣ ከዚያም «ፓስኮድ ሎክ» የሚለውን መክፈትና ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩ ስልኩን ከምንከፍትበት የተለየ ይሁን። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው «አውቶ ሎክ» ነው። ማንም ሳይነካው ሲተው አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚቆየው፤ ይህም ማለት ቴሌግራምን ከፍቼ ከዘጋሁት በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ለማንም ክፍት ነው። ወደ አንድ ደቂቃ መውረድ አለበት። ከዚያ በተጨማሪ በመልእክቶቹ ዝርዝር ገጽ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ይታያል፤ ስልኩን ለሰው ከማቀበል በፊት እሱን አንዴ መንካት ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ለእኔ ትርጉም ያለው ደግሞ ይህ ነው፦ ቴሌግራም በተቆለፈበት ሰዓት መልእክት ሲመጣ ከስክሪኑ አናት ላይ የሚወርደው አዲስ መልእክት እንዳለ የሚናገር ማስታወቂያ ብቻ እንጂ የላኪው ስምና የጻፈው ነገር አይደለም። ያን ማክሰኞ ምሽት ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እኅታችን ቡናዋን ጠጥታ፣ ምርቃቷን ሰጥታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር፤ ንጋት ላይም አክስቷ ይመጡላት ነበር።

ዋትስአፕ በዚህ ረገድ የተለየ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በጣት አሻራ መቆለፍ ይቻላል፤ ቦታውም «ፕራይቬሲ» ውስጥ ነው፤ ወዲያው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲቆለፍ ይታዘዛል። ነገር ግን የመልእክቱን ይዘት በማስታወቂያው ላይ የሚያሳየውን ለብቻው እዚያው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሩ ተቆልፎ መስኮቱ ክፍት ቀረ ማለት ነው። የሚደወል ጥሪም አፑ ተቆልፎ ሳለ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሙሉ አፑን ሳይሆን አንዱን ንግግር ብቻ ለይቶ መቆለፍ ተጨምሮበታል። አይፎን የያዙ ሰዎች አይኦኤስ 18 ከወጣበት ከ2024 ወዲህ ማንኛውንም አፕ ማለት ይቻላል በፊታቸው ወይም በጣታቸው መቆለፍ ይችላሉ።

ስልኩ ራሱ ይህን የሚያደርግ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ከማይታወቅ ቦታ «አፕ መቆለፊያ» እያወረደ ይጭናል። ይህን አጥብቄ አልመክርም። እንዲህ ካሉት መቆለፊያዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን ለመሥራት በስክሪኑ ላይ የሚሆነውን ሁሉ የማየት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የማናውቀውን ሰው ዘበኛ አድርጎ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ እንደ ማስረከብ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰው ወረቀት ለማተም ብሎ የራሱን ቴሌግራም በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል፤ ካተመ በኋላ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፣ ቴሌግራሙ ግን እዚያው ተከፍቶ ይቀራል። ስልኩን በአሥር ቁልፍ ቢቆልፈው ያኛው ኮምፒውተር አይቆለፍም። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ ማየትና የማያውቁትን ሁሉ ማስወጣት ያስፈልጋል። እኔ ስከፍተው የማላውቃቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አገኘሁ፤ አንዱ ስምንት ወር ቆይቶ ነበር።

ይለፍ ቁጥሩን ብረሳውስ የሚል ሥጋት ከአረጋውያን ዕድርተኞች ሁሉ ሰምቻለሁ። የቴሌግራምን ፓስኮድ የረሳ ሰው አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ በስልክ ቁጥሩ ሲገባ ተራ ንግግሮቹ ይመለሱለታል፤ የሚጠፉት «ሲክሬት ቻት» በሚባለው መንገድ የተጻጻፋቸው ብቻ ናቸው። በዚያው ምክንያት፣ በስልክ ደውሎ «በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ፓስኮዱ አያድነንም፤ ያ ቁጥር ተነገረው ማለት ሰውዬው በራሱ ስልክ ላይ በእኛ ስም ይገባል ማለት ነው። ለዚህ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለው ሌላ የይለፍ ቃል አለ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን ጉዳይ ትንሽ ነገር አላደረገውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ላይ የሰው ደብዳቤም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ገብቶ ማየትን በወንጀል ያስጠይቃል። ሕጉ ግን የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያም በላይ እኅታችንን የጎዳት ወንጀለኛ አልነበረም፤ የሚከሰስም የለም።

በቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ቴሌግራሜን ስቆልፍ ቁጥሩን ለባለቤቴም አልሰጠኋትም። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከእሷ የተሸሸገ ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም፤ ሁለት ቀን ዝም አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብለን ያን ምሽት አብረን አነሣነው፤ እሷም የእኅታችንን ራስ በጉልበቷ ላይ ይዛ ያደረች ሰው ናትና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የስልኬን ፓተርን ታውቃለች፣ የባንክና የቴሌብሩን ነገር ታውቃለች፣ ከልጆቻችን ጋር የምጻጻፈውን እያነበብሁላት አብረን እንስቃለን። የዕድርተኞቹን ቃል ግን ለእሷም ቢሆን ልሰጣት የምችለው ነገር አይደለም፤ የእኔ አይደለምና። ባልና ሚስት በዚህ ቢነጋገሩበት መልካም ነው፤ ተደብቆ ከተደረገ ግን ጥርጣሬ ማምጣቱ አይቀርም፣ እኔም አስቀድሜ ሳልነግራት መቆለፌ ስሕተት ነበር።

ብሞት ወይም ብታመም ዕድሩ እንዳይቸገር የይለፍ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌና በእሽጉ ላይ ፈርሜ በካዝናው ውስጥ አኑሬዋለሁ። ሦስቱ ቁልፎች ካልተገናኙ አይገኝም። በጠቅላላ ጉባኤያችንም ከእንግዲህ የመርዶ ጉዳይ በጽሑፍ እንዳይላክ፣ በቃል ወይም በስልክ ጥሪ ብቻ እንዲነገር ወስነናል።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከላይ የጠቀስኋቸውን አሠራሮች በሥዕል አስደግፋችሁ፣ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው በሚገባ አማርኛ፣ አረጋውያንም በሚያዩት በደማቅ ፊደል አንድ ገጽ ብታትሙልን ቆርጠን በዕድራችን ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

እኅታችን ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። የወንድሟን ስም ጽፌው ነበር፤ እንዲወጣ ጠየቀችኝ፤ አወጣሁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕድር ጸሐፊ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ