ጎለም የጠፋው ደረጃው ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቶልኪን ልቦለድ «የቀለበቶቹ ጌታ» የወጣው ጽሑፍ፣ ለኃይለኛው ቀለበት ሲል ወዳጁን የገደለው ጎለም በመጨረሻ ቀለበቱን ይዞ እሳት ውስጥ በመግባቱ በደሉን ክሷል ይላል። አልስማማም። ለጎለም ያዘነ ፍርድ ቢመስልም እውነተኛውን ዕድሉን ይሸፍንበታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ፊልም ቀለበቱን እሳቱ ውስጥ ሊያጠፋ የተጓዘው ፍሮዶና ጎለም የእሳቱ አፋፍ ላይ ታግለው አብረው ይወድቃሉ። እዚህ ሐዋሳ ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። በመጽሐፉ ግን የሚገፋው የለም። የፍሮዶን ጣት ከነቀለበቱ ነክሶ ቆርጦ በደስታ ሲጨፍር እግሩ አፋፉን ይስታል። ፈቃድ የሌለበት ነገር ደግሞ ካሣ አይባልም። ፍሮዶ ያለ ጎለም ቀለበቱን ማጥፋት እንደማይችል ለአገልጋዩና ጓደኛው ለሳም ነግሮት ይቅር እንበለው ብሏል፤ እሱ የፍሮዶ ይቅርታ እንጂ የጎለም ንስሐ አይደለም።

ታዲያ ሊመለስ ይችል ነበር? አዎ፤ እሳቱ አጠገብ ሳይሆን ወደ ሸረሪቷ ሺሎብ ዋሻ በሚያወጣው ደረጃ ላይ። አራተኛውን መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 8ን ገልጦ ማየት ነው። መንገድ መሪያቸው ጎለም ሁለቱን ሆቢቶች (ቁመተ አጭር ፍጡራን)፣ ፍሮዶንና ሳምን፣ ለግዙፏ ሸረሪት ሊሰጣቸው ወጥኖ ከላይ ሲመለስ ተኝተው ያገኛቸዋል። የፍሮዶ ራስ ሳም ጭን ላይ ነው፤ የሁለቱም ፊት ሰላም አለው። ጎለም ዓይን ውስጥ ያለው ብልጭታ ይከስማል። ወደ መጣበት ዞር ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘርግቶም የፍሮዶን ጉልበት ቀስ ብሎ ይነካል። ለዚያች አፍታ ያየው ቢኖር ዘመዶቹ ሁሉ ያለቁበት ምስኪን ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ፍሮዶ በእንቅልፍ ልቡ ያቃስታል፣ ሳም ይባንናል። ጌታውን የሚጎነትል መስሎት ያመናጭቀዋል፣ ስታደባ ነበር ይለዋል። ብልጭታው ይመለሳል። ሳም ወዲያው ይቅርታ ቢጠይቅም አልሆነም። ፍሮዶም ነቅቶ ከእንግዲህ ወደፈለግክበት መሄድ ትችላለህ ሲለው፣ ጎለም ራሱ እምቢ ብሎ ወደ ዋሻው ይመራቸዋል።

ሁሉንም ሳም ላይ መጫን ግን ልክ አይሆንም። ነገሩ የተበላሸው ቀደም ብሎ አንድ ኩሬ ዳር ነው። ፍሮዶ ጎለምን ከቀስተኞች ሊያድን ብሎ በመልካም ቃል ጠርቶት የጦር አለቃው የፋራሚር ሰዎች ይይዙታል። ሕይወቱ በዚህ ተርፏል፤ እሱ ያየው ግን ክህደት ነው። 500 ዓመት ገደማ ማንንም ሳያምን የኖረ ፍጡር እንዲያ ያለ ነገር በቀላሉ አይረሳም።

ደራሲው ቶልኪንም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1963 በጻፈው ደብዳቤ ይህንን አንስቷል። ሳም ያኔ ቢራራለት ኖሮ የቀለበቱ ምኞት ከጎለም አይለቅም፤ ሰርቆም ሆነ ቀምቶ ይወስደው ነበር። ከወሰደ በኋላ ግን ስለ ፍሮዶ ሲል በገዛ ፈቃዱ ወደ እሳቱ ይገባ ነበር ይላል። ከዚህ በላይ መጠበቅ ደግሞ ግፍ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ፍሮዶ እንኳ ቀለበቱን የእኔ ነው ብሏልና።

የጽሑፉ አቅራቢ ነፍሰ ገዳይ በአንድ ሥራ እንዴት ይድናል ለሚሉትም መልስ አልሰጡም። በላዔ ሰብእ እኮ 78 ነፍስ በልቶ የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። የሥራው ትንሽነት አይደለም ችግሩ። የእሱ ውኃ የተጠማው ጉሮሮ ደርሷል፤ የጎለም እጅ ግን ጉልበቱን ነክቶ ተመለሰ።

ፊልሙ ይህን ቦታ ጨርሶ አውጥቶታል። በምትኩ ጎለም ስንቃቸውን ገደል ጥሎ፣ ፍርፋሪውን ሳም ልብስ ላይ ነስንሶ ሁለቱን ያጣላል፤ ፍሮዶም ሳምን ያባርረዋል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጎለም አንድም ጊዜ አላመነታም ቢል አይፈረድበትም። ስለ ጎለም ዳግም ስትጽፉ እባካችሁ የዚያን ምዕራፍ የመጨረሻ ገጾች ለአንባቢ አስታውሱ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ