ስለ ኮተቤው ቤት፣ ለአባባ

ሐዋሳ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ልጆቹ «አባባ ለፋሲካ ይመጣሉ ወይ?» እያሉ ይነዘንዙኛል። ይመጣሉ ብያቸዋለሁና እንዳያሳፍሩኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ቤቱ ነው። በስልክ ሲሆን «እስቲ ገበያው ይረጋጋ» ይሉኛል፣ እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ተንጠልጥሎ ከረመ። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ያልተስማሙበት ቦታ ካለ እንደ ድሮው በቀይ እስክርቢቶ ያርሙኝ።

ለመሸጥ የወሰኑት እርስዎ ነዎት። እማዬ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። ደረጃው ጉልበትዎን ጨርሶታል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስተው ሮቶውን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት። ወንድሜ ከሜሪላንድ እየደወለ «ቤት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ አይሸጥ» እንደሚልዎት አውቃለሁ። የሚለው ከፍቅር ነው። ደረጃውን በየቀኑ የሚወጡት የሚወርዱት ግን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በመሸጡ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከርዎት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ እስኪመጣ እጠብቃለሁ በሚሉት።

ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር አሁን የለም፣ አባባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ምን እንደሆነ ያስታውሳሉ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶውም ብረቱም የእጅ ዋጋውም የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ቤት ሻጩ የዶላሩን እያሰበ ይጠራል። ገዢው ደግሞ ብር የለውም። ባንክም እንደልብ አያበድረውም፤ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፣ በኋላ ከፍ ቢያደርገውም ብድር እንደ ድሮው አልሆነም። ስለዚህ የሚጠራው ዋጋ ሰማይ ነው፣ የሚከፈለው ሌላ ነው። ጎረቤትዎ «ይህን ያህል አወጣልኝ» ያሉት እንኳ የተጠራው ይሁን የተከፈለው ማን ያውቃል? እርስዎ ግን ያንን ቁጥር ይዘው ሰው ሁሉ ዝቅ ያደረገብዎት ይመስልዎታል።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ቤቱን በብር ሳይሆን በቤት እንለካው። ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት የእኛ ቤት ቢሸጥ እዚያው አካባቢ ግራውንድ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለመታከሚያና ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ይተርፈው ነበር። ዛሬም ቢሸጥ ያንኑ ገዝቶ ይተርፈዋል። የእኛ ሲጨምር የዚያኛውም ጨምሯል። አንድ ዓመት ጠብቀው በብር ብዙ ቢያገኙ፣ የሚገዙት ቤትም አብሮ ይወደድብዎታል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ደረጃውን መውጣትዎ ብቻ ነው ትርፉ።

ሁላችንም የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ቤቱ ተሸጦ ብሩ ባንክ መቀመጡ። እዚህ ላይ ልክ ነዎት። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። ጡረታዎን ያጠራቀሙበት ደብተር ምን እንደሆነ አይተውታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገቡበትን ቤት እናገኛለን፣ ከባለቤቱ ጋር እንነጋገራለን፣ ከዚያ የእኛን እንሸጣለን። ሁለቱ ውሎች በተቻለ መጠን በአንድ ሳምንት ይፈረሙ። ብሩ እኛ ዘንድ አይደር።

አሁን ያ ሰውዬ ቤቱን ሊገዛ አይቶ ወደሄደበት ቀን ልመለስ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብዎ እንደተሰበረ አይቻለሁና። ገና ሰሞን እኔም እዚያ ነበርኩ። ጠዋት ተነስተው ሳሎኑን ከፈቱ፣ መጋረጃውን ሰበሰቡ፣ የእማዬን ቡፌ በጨርቅ ወለወሉ። ሰውዬው ከደላላው ጋር መጣ። በር ላይ ቆሞ «ካሬው ስንት ነው? የፊት ስፋቱስ?» አለ። አጥሩን በእርምጃ ለካ። እርስዎ «ግቡ፣ ውስጡንም እዩት፣ ጣውላው ምስጥ የማይበግረው ነው» ሲሉት «ግዴለም አባባ፣ ቤቱ ይፈርሳል» ብሎ ስልኩን አነሳ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

አባባ፣ ሰውዬው የእርስዎን ሥራ አልናቀም። ገበያው ነው እንዲህ የሆነው። ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ወጣት መምህር ነበሩ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ ተደነገገ። እርስዎም ከጓደኞችዎ ጋር በማኅበር ተደራጅተው፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተበድረው ሠሩት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንግዲህ ውሉ ላይ የምንሸጠው ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። ገዢው በልቡ የሚቆጥረው ደግሞ ካሬውን፣ መንገዱንና ስንት ፎቅ እንደሚወጣበት ነው። ይህ ከእርስዎ ድካም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እኛ ሦስታችንም ያደግነው በዚያ ጣሪያ ሥር ነው። ለእኛ ዋጋው ያ ነው፣ እሱ ደግሞ አይሸጥም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ቆርቆሮውን ልቀይር፣ ቀለም ላስቀባ ብለው ነበር። አያስቀቡ። የሚፈርስ ቤት ላይ የጡረታ ገንዘብዎን አያፍስሱ።

ገንዘብና ጊዜ የሚገባው ለወረቀቱ ነው። ባለፈው ዓመት የመጣው ደኅና ገዢ የሄደው በዋጋ እንዳይመስልዎት። ካርታው በእርስዎና በእማዬ ስም ነው። ግማሹ የእማዬ ስለሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወራሾቹ ሁላችንም መፈረም አለብን። እኔና ትንሿ እኅቴ ቅርብ ነን። ወንድሜ ግን ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ውክልና ማስላክ አለበት። ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚለው በግልጽ ካልተጻፈ አይሠራም፤ አጠቃላይ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ገዢ ብሩን ይዞ ወረቀት አይጠብቅም፣ ቀጥሎ ያለውን ቤት ያያል። ለወንድሜ ደውዬለታለሁ። መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ እሺ ብሏል። እርስዎም አንድ ቃል ይበሉት፣ ከእርስዎ ሲሰማው ይቀለዋል።

ካርታው የድሮው ነው። ካርታው ላይ ያለው ካሬና አጥሩ ውስጥ ያለው ካሬ እኩል መሆኑን ክፍለ ከተማ ሄዶ ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ትርፍ ወይም ጉድለት ካለ አሁን ቢታወቅ ይሻላል። ገዢ ፊት ሲታወቅ ዋጋ ማውረጃ ይሆናል። የቤትና የቦታ ግብሩ ደረሰኝ ሁሉም በዚያው ቀይ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እርስዎ ወረቀት አይጥሉም፣ ዛሬ ይጠቅመናል።

ወረቀቱ ሳይሟላ ቀብድ አይቀበሉ። አደራዎን። ደላላው «ገዢው እንዳይሸሽ ቀብድ እናስይዘው» ይልዎታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ የሰጠው ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ ይመልሳል። የወንድሜ ውክልና ዘግይቶ እጥፍ ብንጠየቅ ከየት እናመጣለን? ደግሞ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚል ይመጣል። በፍጹም እሺ አይበሉ። ነገር ቢበላሽ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። እርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ እውነት ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ሐሰት እንዲፈርሙ አልፈልግም። ክፍያው በሲፒኦ፣ ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ ይሁን፣ ፊርማው በውልና ማስረጃ ፊት። ለደላላው በልማድ የሚሰጠው 2 በመቶ ነው፤ እሱን አስቀድመን በጽሑፍ እንነጋገራለን።

ወሬውንም ቢሆን በጥንቃቄ ይስሙት። አንዱ ደላላ መጥቶ «የኮሪደር ልማቱ ሊነካዎት ነው፣ ቤቱ ሳይፈርስ ቶሎ ይሽጡ» አለዎት። ሌላው ደግሞ «የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ ሕግ ወጥቷል፣ ይቆዩ፣ ዶላር እየመጣ ነው» አለዎት። ሁለቱም ከአየር ላይ ያመጡት አይደለም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ የሆነውን በዓይንዎ አይተዋል፣ ስጋቱ ይገባኛል። ግን ይህ የሚጠየቀው ከደላላ አይደለም። ፕላኑ ላይ የእኛ ቦታ ምን ተብሎ እንደተያዘ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ይጠየቃል። የውጭ ዜጋውን በተመለከተ በሰኔ 2017 የጸደቀው አዋጅ ዝቅተኛውን 150 ሺህ ዶላር አድርጎታል። ያን ያህል ይዞ የሚመጣ የውጭ ሰው አሳንሰርና ጄኔሬተር ያለው አፓርታማ ያያል እንጂ ኮተቤ ውስጥ የድሮ ቪላ የሚፈልግ አይመስለኝም። የእኛ ገዢ አጥሩን በእርምጃ እንደለካው ሰውዬ ያለ ነው። አንዱን ወሬ ፈርተን አንቸኩል፣ ሌላውን አምነን አንቀመጥ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንካ። እድሩን። በስልክ አልነገሩኝም እንጂ የሚያስፈራዎት እሱ እንደሆነ ይገባኛል። እማዬ ስታርፍ ድንኳኑን የተከሉት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገብዎ የተቀመጡት እነሱ ናቸው። ስንት ዓመት መዝገቡን የጻፉበት እድር ነው። ከእነሱ ርቀው የትም እንዲሄዱ አልፈልግም። ሐዋሳ ይምጡ እያልኩ የምወተውትዎት ለእኔ ደስታ ነው፤ ለእርስዎ ግን እዚያው ኮተቤ እንደሚሻል አምኛለሁ። ለዚህ ነው ፍለጋችን እዚያው አካባቢ ብቻ የሚሆነው፣ በእግርዎ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው በሚመለሱበት ርቀት። ኮንዶሚኒየም ስናይ ሻጩ ዕጣ ከደረሰው አምስት ዓመት ማለፉንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን እናረጋግጣለን። ግራውንድ ካልሆነ አናየውም። ከፎቅ ወደ ፎቅ ላዛውርዎ አልፈልግም።

የእኛን ቤት የሚገዛውም ሰው የማስረከቢያ ጊዜ እንዲሰጠን ውሉ ላይ ይጻፋል። ጥቂት ወራት ቢሰጠን የእማዬን ዕቃ ተረጋግተን እንለያለን። ቡፌው ወዴትም አይሄድም፣ አዲሱ ሳሎን ውስጥ ይገባል፤ ለክቶ ማየት የእኔ ሥራ ነው። ስለ ድርሻ ደግሞ አንድ ጊዜ ልናገርና ይብቃ። ከእማዬ የሚደርሰኝን ለእርስዎ ትቻለሁ። ትንሿም እንዲሁ ብላለች። የሚተርፈው ገንዘብ ለጉልበትዎ ሕክምና፣ ለመድኃኒትዎ፣ ሌሊት አብራዎት ለምታድር ሰው ነው። «ለልጆቼ ላቆየው» የሚሉት ነገር ይቅርብን። ሁላችንም በሥራችን እንበላለን፣ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ። እስከዚያ ሁለት ነገር ይሥሩልኝ። ቀዩን ፋይል አውጥተው የካርታውንና የጋብቻ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ትንሿ ስትመጣ ይስጧት፣ የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ እሷ ትጀምረዋለች። ሁለተኛ፣ ለደላሎቹ ሁሉ «ወረቀቱ እስኪያልቅ ሰው አታምጡብኝ» ይበሏቸው። ወረቀቱ ሲያልቅ እኔ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ አብረን እናስተናግዳለን። ብቻዎን ከማንም ጋር ስለ ዋጋ አይነጋገሩ። ያንን «ይፈርሳል» የሚለውን ቃል ደግመው ብቻዎን እንዲሰሙት አልፈልግም።

ለእድር አባላቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ መውሰድዎን አይርሱ።

በጣም የምትወድዎት ልጅዎ