ስለ እናትሽ የመጨረሻ ወራት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት አክስትሽን ገበያ አገኘኋቸው። «የእናቴን ነገር እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ የነገረኝ የለም ትላለች» አሉኝ። አላስቻለኝም። የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ፣ መርዶሽን በስልክ ሰምተሽ የቀረሽ ልጅ ነሽ። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ሰፈሩ ጭር አለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በየሱቁ በር የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ተደረደረ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እሳት ሆነ። መጋቢት 30 ደግሞ አዋጁ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የእናትሽ ቡና መቼ ከአራት ሰው አንሶ ያውቃል? አልቀረም ግን። እሳቸው በግቢያቸው ጀበናውን ይጥዳሉ፤ እኔና እናቴ በእኛ በኩል የየራሳችንን ሲኒ ይዘን አጥሩ ጋ እንቀመጣለን። ያ የተገነጠለው ቆርቆሮ ትዝ ይልሻል? በእሱ በኩል ይቀዱልናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንዱም ሳይጎድል። «ዛሬስ ዶክተር ሊያ ስንት ሰው አለች?» ይሉኛል። የጤና ሚኒስትሯ በየቀኑ የምታወጣውን ቁጥር ከስልኬ አነብላቸዋለሁ። «የሰው ልጅ ነው እኮ» ይሉና ዝም ይላሉ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ሁለቱ ተከራዮቻችሁ ሥራ ሲቀዘቅዝ እረፍት ውጡ ተባሉ። እናትሽ ኪራይ አልጠየቋቸውም። «የእኔም ልጅ ሰው አገር ናት» ነው ያሉት። ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። የስኳር መርፌያቸውን ማታ ማታ የምትወጋቸው ከሁለቱ አንዷ ነበረች።

የፋሲካን ሌሊት መቼም አልረሳውም። ሚያዝያ 11 ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልተቻለ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ሆነ። እናትሽ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ጉልበታቸውን ታውቂዋለሽ። ልጆቹ «ይቀመጡ እንጂ» ቢሏቸው «ትንሣኤን ተቀምጬ አክብሬ አላውቅም» አሉ። ዶሮ እስኪጮህ ቆሙ።

በግንቦት ስኳሩ ጠናባቸው። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ያስፈራ ነበር። እኛ ግን ወስደናቸዋል፤ መድኃኒትም አላጡም። ያረፉት በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ እጃቸውን ይዛ ነበር። ይህን እወቂው።

ድንኳን አልተጣለም። ሰው በሦስት በአራት እየሆነ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይመለሳል። መተቃቀፍ የለም። እሱ ከሁሉም ይከብድ ነበር። አስከሬኑ ከግቢ ሲወጣ ግን መንገዱን ብታይው! ቀብር መሄድ ያልቻለው ሁሉ በየበሩ ቆሟል፤ ከእናንተ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ። ባለሱቁ፣ የባጃጅ ልጆች፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚያመጣላቸው ልጅ። ጭምብሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖት፣ ከሰው ፊት የሚታየው እንባው ብቻ ነበር። እድርተኛው ንፍሮውን በየቤቱ ቀቅሎ ደጃፍ ላይ እያስቀመጠ ይሄዳል። «እናቴ ሰው እንደሌላት ተቀበረች» የሚል ሐሳብ በልብሽ ካለ አውጪው፤ እውነት አይደለም።

ከዚያ ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ፣ ስልክሽም አልነሳ አለ። በሕይወት መኖርሽን ከአክስትሽ እስክንሰማ እናቴ እህል አልቀመሰችም።

አርባቸውን በቤት አወጣን። ሙት ዓመታቸው ላይ ግን ሰው ተሰብስቦ፣ ያ ሁሉ ታምቆ የቆየ ለቅሶ ያኔ ተለቀሰ። ስምሽ እየተጠራ ነው የተለቀሰው።

ነጠላቸውና ዳዊታቸው እናቴ ሣጥን ውስጥ አሉ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ልላክልሽ፣ ወይስ ራስሽ መጥተሽ ትወስጃለሽ? ቁርጡን ጻፊልኝ።

የአጥር ጎረቤትሽ
ከሐዋሳ