አክሲዮን ሻጩ ደብረ ብርሃን ደርሷል፣ ተቆጣጣሪውስ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ካፒታል ገበያ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ግን ወሬው ሁሉ የአዲስ አበባ ነው። እስቲ ዛሬ ከሰሜን ሸዋ ልጻፍላችሁ።

እዚህ ደብረ ብርሃን አክሲዮን አዲስ ነገር አይደለም። የአክሲዮን ገበያው በጥር 2017 ከመከፈቱ ብዙ ዓመት በፊት ፎልደር የያዙ ልጆች ካፌ ለካፌ እየዞሩ ይሸጡልን ነበር። የሚያምር ፎቅ የታተመበት ወረቀት ያሳዩሃል፣ «ቶሎ ካልገዛህ ያልቃል» ይሉሃል፣ ደረሰኝ ቆርጠው ይሄዳሉ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት በግ ሸጠው ገዙ። ደረሰኛቸው እስከ ዛሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ቀለሙ ደብዝዞ የብሩ መጠን በግድ ነው የሚነበበው። ጠቅላላ ጉባኤ የጠራቸው የለም። የትርፍ ድርሻ አላዩም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክም አይሠራም። የት ሄደው አቤት ይበሉ?

የሚያናድደኝ ሕግ ስለሌለ አይደለም፣ አለ። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቋቁሟል፣ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሥልጣኑ ቀላል አይደለም። የአክሲዮን ገዢና ሻጭን ለሚያገናኙና ለሚያማክሩ ድርጅቶች ፈቃድ ይሰጣል፣ ካጠፉ ያግዳል፣ ይሰርዛል። ሰነድ አስቀርቦ ይመረምራል። አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ የሚፈልግ ኩባንያም ዕዳው፣ ሥጋቱ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የተጻፈበትን ደንበኛ ሳቢ መግለጫ አዘጋጅቶ በባለሥልጣኑ ማጸደቅ አለበት።

ይሄን እዚህ ማን ያውቃል? ሻጩ ንግድ ፈቃዱን አውጥቶ «ይኸው፣ መንግሥት ፈቅዶልናል» ሲል ሰው ያምናል። ንግድ ፈቃድ ግን ለሕዝብ አክሲዮን የመሸጥ ፈቃድ አይደለም። ባለሥልጣኑ ከብሔራዊ ባንክ ጋርም ይምታታል፣ አክሲዮን የሚሸጠው ባንክ ከሆነ፣ ባንኩ ጤነኛ መሆኑን የሚከታተለው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አክሲዮኑ ሲሸጥ ለገዢው እውነቱ መነገሩን የሚያየው ደግሞ ባለሥልጣኑ ነው። በዚያ ላይ ባለሥልጣኑ መግለጫውን አጸደቀ ማለት ኩባንያው አይከስርም ማለት አይደለም፣ ይሄ በደንብ ሊነገረን ይገባል፣ ምክንያቱም ነገ «ባለሥልጣኑ ያጸደቀው ነው» እያሉ የሚያታልሉ መምጣታቸው አይቀርም።

የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2017 በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ መግዛት ከቻለ፣ ማን ፈቃድ እንዳለው በስልኩ አጭር መልእክት ቢደርሰው ምን ይከብዳል? የተፈቀደላቸው ዝርዝር ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ በየወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ደብረ ብርሃን ላይ ቅሬታ የሚቀበል አንድ ሰው ይመደብ። አንድ ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ መመላለስ ለአዛውንት ከባድ ነው፣ መንገዱንም ታውቁታላችሁ።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ባለሥልጣኑን ጠይቁልንና መልሱን አትሙት፦ ከአዋጁ በፊት አክሲዮን ሸጠው ድምፃቸው የጠፋ ኩባንያዎችን ምን እያደረጋቸው ነው? ደረሰኝ የያዘ ሰውስ አቤቱታውን የት፣ በምን መልክ ያቅርብ?

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን