እማሆይን ከዚያ ላይ አንሺያቸው

አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲበረታ የእናትሽን ጉልበት ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። አባቴ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጻፈልኝ ብለሽ አትሳቂ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ድምፄ ከፍ እያለ ሲመጣብኝ ዘጋሁት። አንቺ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎሽ መልሰሽ ደወልሽ፣ እኔም አላነሳሁም። በወረቀት ሲሆን እኔም እረጋጋለሁ፣ አንቺም ሳታቋርጪኝ ትሰሚኛለሽ። ፎቶ እንዳታነሺው ብቻ።

ዘንድሮ እናቴ እማሆይ ለከተራ አልወጡም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጃንሜዳ ሳይወርዱ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። አምና ወገባቸውን ታመው እንኳ አንቺ በአንድ ጎን እኔ በሌላው ደግፈናቸው ወርደዋል። ጥር 10 ከምሳ በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ክፍላቸው ብገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «ዛሬ እግሬ እምቢ ብሎኛል» አሉኝ። እግራቸው አልነበረም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ቲክቶክ ስድብ ነው?» አሉኝ። ለካ አምስት ኪሎ ቅድስት ማርያም ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ጎረምሶች «እማሆይ ቲክቶክ! እማሆይ ቲክቶክ!» እያሉ ተከትለዋቸዋል። አንደኛው ደግሞ፣ «እማሆይ፣ ሽማግሌው ደረሰብዎት ወይ?» ብሏቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ አላዩኝም፤ ወለሉን ነበር የሚያዩት።

እኔ «ምን ሽማግሌ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እስከዚያች ሰዓት አላውቅማ።

ማታ ሁለተኛ ፎቅ ያለው የጎረቤታችን ልጅ አሳየኝ። አንቺ ፀጉራቸውን ስታስተካክያቸው የቀረጽሽው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደ ፎቶ ባለሙያ ሳየው አሳምረሽዋል። ብርሃኑ በግራ ካለው መስኮት ገብቶ ግማሽ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ቆባቸው ትራሱ ላይ ተቀምጧል፤ መቀሱ ሲዘጋ ይሰማል፤ ነጩ ፀጉር ትከሻቸው ላይ ይወርዳል። እጄን ወርሰሻል ብዬ ለአንድ ደቂቃ ኩራት ብጤ ተሰማኝ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። በ13 ዓመታቸው ቡልጋ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ተድረው፣ በሦስተኛው ሌሊት በጓሮ በር አምልጠው፣ ወንዝ ለወንዝ ሲሸሹ እንዳደሩ። ከአያትሽ፣ ከአባቴ በፊት ባል ነበራቸው ማለት ነው። እኔ ልጃቸው በ61 ዓመቴ ከጎረቤት ልጅ ስልክ ሰማሁት። ለንስሐ አባታቸውና ላንቺ ብቻ ነው የነገሩት። ለንስሐ አባታቸው የነገሩት ምስጢር ሆኖ ቀርቷል። አንቺ ዘንድ ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ቆሟል።

ፀጉራቸውን ተገልጠው ያየኋቸውም ያን ቀን ነው፣ ቆብ ከደፉ ወዲህ።

412 ሺህ ሰው አይቶታል አለኝ ልጁ። መግቢያው ላይ «ሰላም ቤተሰብ» ትያለሽ፣ መጨረሻው ላይ «ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ»። እሺ፣ እነሱ ቤተሰብ ከሆኑ እኛ ምን ልንባል ነው?

ልጁን «በል አውርደው» አልኩት። ደስ ብሎት ስልኬን ተቀበለኝና ሲነካካ ቆይቶ «ወርዷል ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ። ለካ በእናንተ ቋንቋ ማውረድ ማለት ወደ ራስ መገልበጥ ነው። አሁን እኔም ስልክ ላይ አሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም። ስለዚህ ግልጽ አድርጌ ልጻፍልሽ፦ እማሆይን ከዚያ ላይ አንሺያቸው። ዛሬ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አንሺያቸው፣ ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

አንስተሻል? በይ እንቀጥል።

ፒያሳ ፎቶ ቤት እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ለምን እንደተውኩት ግን ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ነው ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ለእናትሽም የነገርኳት እሱን ነው። 1976 ዓ.ም. ነው። 19 ዓመቴ ነበር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥባለሁ፣ አለቃዬ ምሳ ሲሄድ ደግሞ ደንበኛ አነሳለሁ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለማትሪክ ፈተና ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ስሟን አልጽፍልሽም። አንገቷን ቀና አድርጋ ቁጭ አለች፤ እኔ ካሜራውን ልጫን ስል ከውጭ አንድ ሊስትሮ ምን እንዳለ እንጃ፣ ሳቀች። ለፈተና የሚሆነውን ሁለተኛ አነሳኋት። የሳቀችውን ኔጋቲቭ ግን አልጣልኩትም። ማታ 30 በ40 አድርጌ አሳደግሁት፣ ከንፈሯንና ጉንጯን በቀለም ነካ ነካ አደረግሁላት፤ ያኔ ጥቁርና ነጩን በእጅ ነበር የምናቀልመው። አለቃዬ አይቶ አንገቱን ነቀነቀና ደጃፉ ላይ ያለው መስታወት ውስጥ ሰቀለው።

ማንም አልጠየቃትም። መጀመሪያ ግን ደስ ብሏት ነበር፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ጓደኞቿን እያስከተለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስታወቱ ፊት ትቆም ነበር። በቆመች ቁጥር ዩኒፎርሟን ስታስተካክል ከውስጥ አያታለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል የፒያሳ ሰው ሁሉ አወቃት። «ባለመስታወቷ» አሏት። ከዚያ ስሙ እየተከተላት ሰፈሯ ገባ፤ ወንዶች ትምህርት ቤቷ በር ላይ ይጠብቋት ጀመር። አንድ ቀን ብቻዋን መጣች። ከንፈሯ አብጦ ነበር፣ አባቷ ነው። «ወንድሜ፣ እባክህ አውርደው» አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እስከ ፋሲካ ይቆይ፣ ደንበኛ እያመጣልን ነው።»

እውነት ነው፣ ደንበኛው ሁሉ እየገባ «እንደዚያችኛዋ አንሳኝ» ይል ነበር። ግን እሱ አልነበረም። እያየኋት መዋል ፈልጌ ነው።

ስድስት ኪሎ ሕግ የሚማር ወንድም ነበራት። በሳምንቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞ መጣና ቆሞ አነበበልን፤ የ1952ቱን፣ አንቀጽ 27። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰውን ፎቶግራፍ አደባባይ ላይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ ክልክል ነው። አለቃዬ እጁ እየተንቀጠቀጠ በዚያው ቀን አወረደው። ሁሉም ነገር ያበቃ መሰላቸው። እኔ ግን ሦስት ነበር ያተምኩት። አንዱ መስታወቱ ውስጥ፣ አንዱ እኔ መሳቢያ ውስጥ። ሦስተኛውን ለአንድ መኪና ላለው ሰው በ5 ብር ሸጬዋለሁ። ሰውየው ቡና ቤት ለቡና ቤት እየዞረ «ራሷ ናት የሰጠችኝ» ሲል ከረመ። ማትሪክ ሳትፈተን ደሴ ዘመድ ዘንድ ላኳት። 5 ብሯን ምን እንዳደረግኋትም አስታውሳለሁ፤ ጫማ ላይ ጨመርኳት።

በ1994 አንድ ሰርግ ላይ አየኋት። ሥራው ቀርቶብኝ ሳለ ለጓደኛ ልጅ ብዬ ነበር ካሜራ ያነሳሁት። ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየዞርኩ እሷ ዘንድ ስደርስ ሌንሱን ገና ሳላቀና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ቀስ ብላ ነው፣ እንደ ልማድ፣ ከጎኗ ላለችው ሴት ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ። አውቃኝ ይሁን ለማንኛውም ካሜራ እንደዚያ ታድርግ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ አንቺ ልትወለጂ ጥቂት ወራት ቀርተውሽ ነበር።

ልጅ ሳለሽ «አባዬ፣ ፎቶ አንሺ ሆነህ ለምን ሳሎን ውስጥ የኔ ፎቶ የለም? እነ እገሌ ቤት ግድግዳው ሙሉ ነው» እያልሽ ትነዘንዢኝ ነበር። እኔ ሚስማር ግድግዳ ያበላሻል እልሽ ነበር። በየዓመቱ ልደትሽ ላይ አንስቼሻለሁ፤ 23ቱም ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው ሰማያዊ ሻንጣ ውስጥ በፖስታ በፖስታ አሉ። አንዱንም ለሰው አላሳየሁም። የጠበቅሁሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ ያን ስልክ ተደግፈሽ «እዩኝ» ስትይ ሳይ፣ በገዛ ቤቷ ያላያት ሰው ይሆን የምትፈልገው እላለሁ። እንጃ። ይህን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ስለ ገንዘቡ አልከራከርሽም፤ ከእኔ ጡረታ እንደሚበልጥ ነግረሽኛል። ልጁ አስረድቶኛል፣ ላይቭ ስትገቢ ተመልካች ከሚልክልሽ ስጦታ ጽጌረዳዋ 1 ኮይን፣ አንበሳው 29,999። ለሰው አንበሳ የሚልክ ሰው ግን ምላሽ ይጠብቃል። ኅዳር ላይ አንዱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ኬክ ይዞ ግቢያችን በር መጥቶ ነበር። አልነገርኩሽም። ለጥበቃው «የሚጡ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው አይደል?» ብሎታል። «ቤታችንን ላስጎብኛችሁ» ባልሽው ላይ የብሎኩ ቁጥርም ደረጃውም ጥርት ብሎ ይታያል። ሰውየው ሌባ አይመስልም፤ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ነው የመጣው። ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቤተሰብ ሁኑ ስትያቸው አምኖሽ ነው። ኬኩን ጥበቃው በላው።

እና እሱንም አንሺ። ቤቱን አንሺ፣ እማሆይን አንሺ። ላይቭ ስትገቢ ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ እንጂ ለመስኮት አትስጪ፤ መስኮት ሰፈሩን ይናገራል። ባለፈው የባንክ መልእክት ስክሪንሽ ላይ ብቅ ሲል አይቻለሁ፣ ቀሪ ሒሳብሽ ሳይቀር ይነበባል። የይለፍ ቃልሽንም ቀይሪ፣ የልደት ቀንሽ መሆኑን እኔ እንኳ ገምቻለሁ። ሌሎች ወስደው የለጠፉትን ደግሞ እያንዳንዳቸውን እየለመንሽ አስነሺ። የሚስቁብሽ ይኖራሉ፣ ለምኚያቸው። ቴሌግራም ላይ የገባው የሚወጣ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ለምኚ።

ሕጉን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አራት ኪሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ አነበብኩት። የልጅቷ ወንድም ያላነበበልን አለ፤ አንቀጽ 28። የታወቀ ሰው ከሆንክ ፎቶህን ለማውጣት ፈቃድህ ላይጠየቅ ይችላል ይላል። አየሽ፣ ዝናን ስትይዢ በሌላኛው እጅሽ ምን እንደምትለቂ በ1952 የጻፉት ሰዎች እንኳ ገብቷቸዋል። አንቺ ወደሽ ከሆነ ፊትሽ ያንቺ ነው፣ እኔ ላልቅስበት እንጂ አልከለክልሽም። እማሆይ ግን አልታወቁም። ለመታወቅም አልጠየቁም። እኚህ ሰው እኮ ዓለም በቃኝ ብለው ነው ቆብ የደፉት! በ2016 ደግሞ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321፤ ቢሆንም አይከሱሽም፤ የልጅ ልጅ የሚከሱ ሴት አይደሉም።

እኔ ምንም አልነገርኳቸውም። ቲክቶክ ስድብ አይደለም፣ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም። ስለ ሽማግሌው አልጠየቅኋቸውም፣ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅም አላውቅም። ቡና ስንጠጣ ዓይናቸውን ማየት ከብዶኛል። የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ፣ በአፍሽ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለሽ። እኔ ያቺን ልጅ ፈልጌ ደሴ አልሄድኩም። ፎቶ ቤቱም በ2016 ከነመስታወቱ ፈርሷል፤ ቆሜ «እዚህ ጋ ነበር» የምልበት እንኳ የለም። አንቺ ግን ከምትኖሪበት ከሃያ ሁለት ሰፈር እዚህ ለመድረስ አንድ ታክሲ ነው።

ቅዳሜ ነይ። ጠዋት ነይ፣ ከሰዓት ይተኛሉ። በርበሬሽ ተፈጭቷል፤ እናትሽ ባለፈው የወሰድሽውን ባለክዳኑን ዕቃ መልሺልኝ ብላለች። ፀጉራቸው ጆሯቸው ላይ ደርሷል፣ ከቆቡ ሥር እያሳከካቸው ነው። እናትሽ ላስተካክልዎ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ «ልጅቷ ትመጣለች» አሉ። መቀሱ የተለመደው መሳቢያ ውስጥ ነው።

አባትሽ