ደብዳቤ ለልጄ፦ አደጋ ሳይደርስ መነጋገር ሟርት አይደለም

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። በምትሠሪበት ጤና ጣቢያ በተቋቋመው የድንገተኛ አደጋ ኮሚቴ ውስጥ ገብተሽ የኮምቦልቻን ነዋሪ ስለ ሽብር ጥቃትና ስለ ሌሎች አደጋዎች እንድታስተምሪ መመረጥሽን ስትነግሪኝ እጅግ ደስ አለኝ። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «አታሟርቱብን» ብለው መቃወማቸውን ግን አቅልለሽ እንዳታዪው። ብዙ ያየ ሰው ያየው እንዲደገምበት ስለማይፈልግ ስሙን ማንሣት እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ አትከራከሪያቸው፤ በመጀመሪያ ያለፉበትን ጠይቂያቸውና አዳምጫቸው።

እኛ አደጋን በሩቁ የሰማን ሰዎች አይደለንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፈራርሷታል። ክረምት በመጣ ቁጥርም በደሴ ተዳፋት ላይ ያሉ ሰፈሮች የመሬት መንሸራተት ያሠጋቸዋል። የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ለአንቺ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ከወልዲያና ከቆቦ የመጡትን ተፈናቃዮች በየትምህርት ቤቱ ያስጠለለችው ከተማችን ደሴ ራሷ በጦርነቱ ስትያዝ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም በአንድነት ተቋረጡ፤ ማን ይቆይ፣ ማን ይውጣ፣ በየትኛው መንገድ ይሂድ የሚለውን የወሰነው በአብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ወሬ ነበር። የት እንደሚገናኙ አስቀድመው ያልተነጋገሩ ቤተሰቦች ተበታተኑ፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችም መድኃኒታቸው አለቀባቸው። ለጥቂት ቀናት የሚበቃ መድኃኒት፣ በጀሪካን የተቀመጠ ውኃ፣ በእጅ የሚገኝ ጥሬ ገንዘብ፣ በአንድ ቦርሳ የተሰበሰቡ መታወቂያዎችና ሰነዶች፣ በወረቀት የተጻፉ ስልክ ቁጥሮችና የታወቀ መገናኛ ቦታ እንዲኖር ስትመክሪ፣ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምክንያቱን ከአንቺ በላይ ያውቀዋል።

በሰው በተሞላ ቦታ ላይ ስለሚጣል ቦምብ ስታስተምሪ ግን ረጋ ብለሽ በዝርዝር አስረጂ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተወረወረው ቦምብ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ ከ150 በላይ ቆስለዋል። ፍንዳታ ሲሰማ ምን እንደሆነ ለማየት ወደዚያው መሮጥ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛ ፍንዳታ ሊከተል ስለሚችል በመጀመሪያ መሬት ላይ መተኛት፣ ቀጥሎም ከቦታው መራቅና ከመስታወት መሸሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሕይወት የሚያድነው ደም ማቆም ነው። ብዙ ደም የሚፈሰው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ቢጠራም እስኪደርስ ድረስ ቁስለኛው ያለው በአጠገቡ በቆመው ሰው እጅ ነው፤ ወደ ደሴ የሚላክ ከሆነም የሐረጎ ዳገትና ጠመዝማዛው መንገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫንን፣ የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ ካልቆመ ደግሞ ከቁስሉ ከፍ ብሎ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰርንና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍን አሳዪያቸው። ሐኪም ሳያየው መፈታት እንደሌለበትም ንገሪያቸው። አንቺ እያሠርሽ እነርሱ ቢያዩ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ አስሮ ይሞክር።

ከጦርነቱ የተረፉ ፈንጂዎችን ነገር በተለይ ለሕፃናትና የብረት ቁርጥራጭ ለሚለቅሙ ልጆች ሳትነግሪ እንዳታልፊ አደራ። የማያውቁትን ብረት አይንኩ፣ ድንጋይም አይወርውሩበት፤ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለትልቅ ሰው ይንገሩ፣ እርሱም ለፖሊስ ያሳውቅ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ሕዝብን «ንቁ» ማለት በቀላሉ «ተጠራጠሩ» ወደ ማለት ይለወጣል፤ ጥርጣሬውም ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም ከመጣበት አገር የተነሣ ወደ መለየት ይወርዳል። በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች በሚኖሩበት በወሎ ይህ ከተጀመረ ሽብርተኛው ቦምብ ሳይወረውር የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዎች ትኩረታቸውን በዕቃና በድርጊት ላይ እንዲያደርጉ አስተምሪ። በመናኸሪያ ወይም በገበያ ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ ቢገኝ «የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ባለቤት ከጠፋ ማንም ሳይነካው ሰዉ ይራቅ፣ ፖሊስም ይጠራ። ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መልቀቅ ሽብሩን ከማባዛት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ትምህርቱን በማን በኩል እንደምታደርሺው ጠይቀሽኝ ነበር። ስዊድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ስለ ቀውስና ጦርነት ዝግጅት የሚያስረዳ ጽሑፍ ወደ እያንዳንዱ ቤት ልካለች፤ መልካም ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ግን በየቤቱ የሚደርሰው ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው የሰፈር መረዳጃ ማኅበር፣ ነው። አልጋ ላይ የዋለውን በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡሯንና ብቻዋን የምትኖረውን አሮጊት ከማንኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ይልቅ የቅሬው ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ሰው የሚጠራውም በእነርሱ ዘንድ አለ። ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን የሚሰበስብ ማኅበር ለሕያዋንም መሰብሰብ አያቅተውም። በየቅሬው ደም ማቆም የሚችሉ፣ ደካሞችን ለማውጣት የተመደቡና ትክክለኛውን መረጃ ከፖሊስ ተቀብለው የሚያደርሱ ሰዎች በስም ይለዩ። በስብሰባ አዳራሽ መናገር የሚያፍሩ እናቶችም ቡና ላይ ስትቀመጪ ይጠይቁሻል፤ ስለዚህ አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ እንዳትነሺ።

የእኛም ቤት ነገር እንዳይረሳ። ስልክ ከተቋረጠ መገናኛችን የአክስትሽ ቤት ይሁን፤ ወደዚያ መድረስ ካልተቻለ ያለሽበት ቆይተሽ መንገደኛ ላኪልን፣ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ቁጥሮቻችንን በወረቀት ጽፈሽ በቦርሳሽ ያዢ። ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ ከመጪው እሑድ በፊት ላኪልኝ፤ በሴቶች ቅሬ አነብበውና ያልገባቸውን ቦታ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ። አላህ ይጠብቅሽ።

እናትሽ፣ ከደሴ